የጀበናው ደረሰኝ የታለ?

አመስጋኝ ያጣ ሙያ ብዙ ነው። ዛሬ አንዱን ላመስግን፤ ሰው ደብድቦ፣ ተፈርዶበት፣ ካሳ ክፈል ሲባል ያለመክፈልን ሙያ። ቀላል እንዳይመስላችሁ። መምታትማ ማንም ይመታል። ብልሃቱ ከመቱ በኋላ ነው።

በቀደም አንድ ችሎት ቁጭ ብዬ ሙያው ሲሠራ አየሁ። የግል ተበዳይዋ ጀበና ቡና ሻጭ ናት። በሒሳብ ተጣሉና ሰውየው ክንዷን ሰበረው። ጀበናውንና ሲኒዎቹንም አልማረም። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 መሠረት ተበዳይ ካሳዋን እዚያው የወንጀሉ መዝገብ ላይ መጠየቅ ትችላለች። ጠየቀች። ጠበቃው ወዲያው ቁጥር 155ን መዘዘ። የካሳው ጥያቄ የወንጀሉን ክርክር የሚያወሳስብና የሚያጓትት ከሆነ ፍርድ ቤቱ አይቀበለውም።

«ይወሳሰባል፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አለ። እውነቱን ነው። ሊያወሳስብ ተዘጋጅቶ ነበር የመጣው።

ዳኛው አልተቀበሉትም። እሱም አልከፋውም።

«ለጀበናው ደረሰኝ አላት ወይ?»

ሴትየዋ በደህና እጇ ፌስታሏን ፈታች። የሐኪም ወረቀት አለ። የራጅ ደረሰኝ አለ። የመድኃኒቱም አለ። ጀበናውን ግን ገበያ ላይ መሬት ዘርግተው ከሚሸጡ እናት ነው የገዛችው። ሐኪም ቤት ያደረሳት ባጃጅስ? ለሱም ደረሰኝ የለም። ክንዷ ተንጠልጥሎ እያለ ሹፌሩን «ደረሰኝ ቁረጥልኝ» አለማለቷ ይገርማል። እንዲህ ዝርክርክ ሆኖ ንግድ አለ? በቀን ስንት ሲኒ እንደምትሸጥም በኦዲተር አልተረጋገጠም።

ከዚያ ወዲያ መዝገቡን መከታተል ሱስ ሆነብኝ። ሰውየው ጥፋተኛ ተባለ፤ ካሳም ተወሰነበት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 82 ከልቡ ለተጸጸተ፣ ያደረሰውን ጉዳት ለካሰ ወይም ለመካስ ለተነሳ ሰው ቅጣት ያቀልለታል። ሰውየው ተነሳ። አለቀሰ። «እህቴ ናት፣ እክሳታለሁ!» አለ። እኔም እንባዬ መጣ። ቅጣቱ ቀለለ፤ በገደብም ሆነለት። እንባው ሳይደርቅ ይግባኝ አለ። በቅጣቱ ላይ አይደለም፤ ቅጣቱንማ ወዶታል። በካሳው ላይ ነው።

ሴትየዋ ሌሊት እየባነነች እንደምትነሳ ተናግራ ነበር። ለዚህ የሕሊና ካሳ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2116 ጣሪያውን 1000 ብር ላይ አቁሞታል። ሕጉ በ1952 ሲወጣ ይህ ከባድ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ሁለት ሰው ክትፎ ቤት ቢገባ አይተርፈውም። ጠበቃው ግን አንቀጹን ሲያነብ ድምፁ እንደ ዲያቆን ነው። ከ1000 ብር አንዲት ሳንቲም እንዳታልፍ ተማጸነ።

ይግባኙ ሳይሆንለት ቀረና መዝገቡ ወደ አፈጻጸም ሄደ። ሙያው የተፈተነው እዚህ ነው። ቤቱ? ለወንድሙ ተሽጧል። ደመወዙ? ሥራ ለቋል። ቪትዟስ? የአማቱ ናት። አማቱ መንጃ ፈቃድ የላቸውም፤ የመኪና ፍቅር በስተርጅና ነው የያዛቸው። የሴትየዋ ፍርድ በማኅተም የታተመ «ላም አለኝ በሰማይ» ሆነ። ሽማግሌም ተላከባት። «ልጄ፣ ገንዘብ ያልፋል፤ ሰው ነው የሚቀረው» አሏት። የመጡት በዚያችው ቪትዝ ነው።

በመጨረሻው ቀጠሮ «የሚፈጸምበት ንብረት አልተገኘም» ተብሎ ሁላችንም ወጣን። ዝናብ ጀምሯል። ሰውየው የአማቱን መኪና አስነስቶ አጠገቧ አቆመ። መስታወቱን ዝቅ አደረገና «ነይ እህቴ፣ ላድርስሽ» አላት።

ዝም ብላው ባጃጅ ተሳፈረች። እኔም ተከትዬ ገባሁ። ስትወርድ ለሹፌሩ ሒሳቡን ሰጠችውና እጇን እንደዘረጋች ቀረች።

«መልስ የለውም» አላት።

«ደረሰኝ ነው» አለችው።

ሹፌሩ ሳቀ።