በዜሮ የሚካፈል ዓሣ

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። ይህን ቁጥር ትምህርት ቤት የሸመደደ ሁሉ ባሕሩ እዚያው ከቦዬ ረግረግ ሥር ያለ ይመስለዋል። የለም። ቅርቡ ጅቡቲ ነው። በትልልቅ ዓሣ ስሙ የገነነው ደግሞ የኬንያ ጠረፍ፣ ዋታሙና ማሊንዲ ሲሆን፣ ከጅማ በቀጥታ ቢለካ እንኳ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ርቀቱ ግን የጅማን የፈረንጅ አራዳና የአጂፕ ሰፈር ጎረምሳ አላቆመውም። ድሮ እቁብ ሲደርስ ቆርቆሮ ይገዛበት ነበር፤ ቀጥሎ ባጃጅ መጣ። ዘንድሮ ከውጭ የሚላኩ ፎቶዎች ነገር አበላሹ፦ ጥቁር መነጽር ያደረገ ዘመድ፣ ከኋላው ሰማያዊ ውኃ፣ በእቅፉ የሰው ቁመት ያለው ዓሣ። "እኛስ ምን አነሰን?" ተባለ፤ እቁቡም ጀልባ ተከራይቶ ባሕር ላይ ዓሣ ማጥመጃ ሆነ።

ያነሰንን እንቁጠር።

ስልክ ደውሎ "ጀልባው በቀን ስንት ነው?" የሚል ሰው ገና ከመነሻው ተሸውዷል። ጀልባዋ እንደ መጠኗና እንደ ሞተሯ ከብዙ መቶ ዶላር እስከ ከሺህ በላይ ትጠራለች፤ ለሒሳብ እንዲመቸን 800 እንበል። ዋናው ጥያቄ 800ው ውስጥ ምን ምን እንዳለ ነው። ናፍጣ አለበት? በረዶ፣ የመንጠቆ ምግብ፣ ምሳና ውኃስ? ዓሣ በጥሶት የሄደውን መንጠቆ ማን ይከፍላል? "ሙሉ ቀን" ሲባል 8 ሰዓት ነው 10? መልሱ በጽሑፍ ይምጣ፤ በስልክ የተባለ ነገር ወደቡ ላይ አይታወስም። ሰዓቱ የሚቆጠረው ጀልባዋ ገመድ ከፈታችበት ደቂቃ እንጂ መንጠቆ ውኃ ከነካበት አይደለም። ለዚህ ነው ግማሽ ቀን የሚባለው ርካሽ መስሎ ውድ የሆነው። ከ4 ወይም ከ5 ሰዓቱ ላይ ወደ ጥልቁ መሄጃና መመለሻ ሲቀነስ ለማጥመድ የሚተርፈው ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ነው።

ናፍጣው "አለበት" ከተባለም እስከ የት ድረስ እንደሆነ ይጠየቅ። ከ10 እስከ 12 ሜትር የምትረዝም ባለ ሁለት ሞተር ጀልባ መንጠቆ እየጎተተች ስታዘግም በሰዓት ከ20 እስከ 40 ሊትር ትጠጣለች፤ ስትሮጥ 100 ሊትር ልታልፍ ትችላለች። ስለዚህ ካፒቴኑ "ዓሣው ዛሬ ራቅ ብሏል፣ እንከተለው?" ብሎ ፈገግ ሲል የጠየቀው ስለ ዓሣ አይደለም። ማደያ ተሰልፎ ያደረ የጅማ ባጃጅ ነጂ ይህን ቁጥር ሲሰማ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። የሚጎተትበት ፍጥነት ደግሞ ከ6 እስከ 8 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ከ11 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ነው። የእሱ ባጃጅ ዳገት ላይም ትቀድመዋለች።

በዚህ ላይ ለካፒቴኑና ለረዳቱ የሚሰጥ ጉርሻ አለ፤ ከኪራዩ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይጠበቃል። በ15 እንውሰደውና 120 ዶላር። ድምር 920፣ ለአራት ጓደኛ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 230። ይህ አውሮፕላን ሳይሳፈሩ፣ ሆቴል ሳያድሩ ነው። ከጅማ ቦሌ፣ ከቦሌ ሞምባሳ፣ ከሞምባሳ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ዋታሙ ይደረሳል። ባንኩ ዶላር የሚሸጠው ፓስፖርትና ትኬት አይቶ ነው። የቢጫ ወባ ክትባት የተመዘገበበት ቢጫ ካርድም ያስፈልጋል። ካርዱ የሚሠራው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ የበረራው ዋዜማ ጤና ጣቢያ መሮጥ አያድንም። ለቅሶ ቢገጥም የእድሩ የመቅረት ቅጣትም በሌለበት ይሠራል።

ወቅቱን ሳያጣሩ ቀብድ መክፈል የብዙዎች በሽታ ነው። በኬንያ ጠረፍ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ነፋሱ ከደቡብ በርትቶ ይመጣል፤ ባሕሩ ይናወጣል፤ ብዙዎቹ ጀልባዎች ይታሰራሉ። በዚያ ሰሞን ዋጋ የቀነሰ ሰው ካገኛችሁ ለምን እንደቀነሰ ባሕሩ ላይ ይገባችኋል። ካፒቴኑ በአየር ጠባይ ምክንያት ከሰረዘ ቀብዱ መመለስ ወይም ወደ ሌላ ቀን መዛወር አለበት፤ ይህም ይጻፍ። እናንተ "አክስታችን ታመመችብን" ብላችሁ ከሰረዛችሁ ግን ቀብዱ ተበልቷል። አክስት በዶላር አትመነዘርም።

አሁን ስንቅ። የጅማ ሰው ያለ ስንቅ ከቤት አይወጣም፤ ችግሩ ከሚይዘው ሦስቱም ጀልባ ላይ የማይሆኑ መሆናቸው ነው። መጀመሪያ ጭኮ፦ በንጥር ቅቤ የራሰ ገብስ ለፈረሰኛ እንጂ ለማዕበል አልተሠራም። በባዶ ሆድ መውጣትም አይበጅም፤ ደረቅ ነገር፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይያዝ። ሁለተኛው ሙዝ። ከድሮ ጀምሮ ሙዝ በጀልባ ላይ ገድ የለውም የሚሉ ካፒቴኖች በዓለም ሁሉ አሉ፤ ዘንቢሉን ከነሙዙ ወደብ ላይ ያስቀሩታል። የዛርና የቡዳ ነገር እኛ ዘንድ ብቻ የቀረ ለሚመስለው ይህ ጥሩ መጽናኛ ነው። ሦስተኛው ረከቦት። ከሰል ማንደጃ ይዞ ናፍጣ የሞላባት ጀልባ ላይ መውጣት አይፈቀድም፤ የሊሙ ቡና ቢሆንም አይፈቀድም። በፔርሙስ ይሁን።

ሆዳችሁን በነፃ መፈተን ይቻላል። ከአዲስ አበባ ጅማ ያለው አውቶቡስ ወልቂጤን አልፎ የጊቤን በረሃ ጠመዝማዛ ሲወርድ ፌስታል የሚጠይቅ ሰው 230 ዶላሩን ኪሱ ያቆየው። እሄዳለሁ ካለም የማቅለሽለሽ መድኃኒቱን ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት፣ ፋርማሲስት እንዳዘዘው ይውሰድ። ከጀመረው በኋላ የሚዋጥ ኪኒን ተመልሶ ይወጣል። የጅማ ገበያ የማያጣው ዝንጅብልም ይረዳል። ጀልባዋ ላይ ከመሀል ወደ ኋላ ዝቅ ብሎ መቀመጥ፣ ዓይንን ሰማይና ውኃው የሚገናኙበት መስመር ላይ መትከል፣ ከጭስ ማውጫው መራቅ፣ ታች ክፍል ገብቶ አለመተኛት። ስልክ ላይ አቀርቅሮ "ባሕር ላይ ነኝ" ብሎ መለጠፍ ለማስታወክ አቋራጩ መንገድ ነው።

እዚህ ጋ ጓደኝነት ይመዘናል። ካፒቴኑ ለአንድ በሽተኛ ብሎ ቢመለስም ክፍያው ሙሉ ነው። አራቱ አብሮ አደጎች ጅማ ላይ "አብረን ወጥተን አብረን እንገባለን" ብለው ተማምለዋል። ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አንዱ የጀልባዋን ጠርዝ አቅፎ "መልሱኝ" ሲል ሦስቱ ይተያያሉ። ይሉኝታ "እንመለስ" ይላል፤ 230 ዶላር "አይዞህ፣ ይለፍልሃል" ይላል። እስካሁን ይሉኝታ አሸንፎ አያውቅም። ጀርባውን ያሹለታል፣ ሎሚ ያሸቱታል፣ ዓይናቸው ግን ዘንጉ ላይ ነው።

ዘንጎቹ ከአራት እስከ ስድስት ይሆናሉ፤ ጅራታቸው እንደ ቀሚስ ዘርፍ የሆነ የጎማ ማባበያ እየጎተቱ ይሄዳሉ። ድንገት አንዱ ክር እየጮኸ ሲፈታ መጀመሪያ የሚሠራው ስሕተት የክር መጠቅለያውን ፍሬን ማጥበቅ ነው። ፍሬኑ የሚስተካከለው ክሩ ከሚችለው ክብደት ሲሶ ገደማ ላይ ነው። 23 ኪሎ የሚችል ክር ከሆነ ከ7 እስከ 8 ኪሎ ማለት ነው። የሚፈራው ሰው ያጠብቃል፣ ክሩ ይበጠሳል፣ መንጠቆውም ሒሳብ ላይ ይጻፋል። ዓሣው ሲሮጥ መተው፣ ሲቆም ዘንጉን በዝግታ ወደ ላይ መሳብ፣ ዘንጉ ሲወርድ ብቻ መጠቅለል። ክሩ ለአፍታ ከላላ መንጠቆው ይወልቃል።

ከባዱ ሥራ ግን ጓደኛን መከላከል ነው። በዓለም አቀፉ የስፖርት ዓሣ ማጥመድ ደንብ አጥማጁ እየታገለ ሳለ ሌላ ሰው ዘንጉን ወይም ክሩን ከነካ ያ ዓሣ ለክብረ ወሰን አይመዘገብም። እኛ አገር አንድ ሶፋ ከቤት ሲወጣ ስምንት ሰው ይሸከማል፣ አራት ሰው "ወደ ግራ! ወደ ግራ!" ይላል። "ላግዝህ" ላለ ሰው "አትንካኝ" ብሎ መመለስ የእድር አቤቱታ የሚያስነሳ ድፍረት ነው። ስለዚህ ሁሉም ይነካል። ማታ ደግሞ አንድ ዓሣ አራት ባለቤት ይኖረዋል፤ አራተኛው ያስታወከው ሰው አይደለም፣ ረዳቱ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ለተራ ዕጣ አውጡ።

ከዚያ ፎቶው። ጀርባው ላይ ሸራ የሚዘረጋውን ሴይልፊሽና ማርሊንን በዚያ ጠረፍ ቁጥር ያለው ምልክት ሰክቶ መልቀቅ የተለመደ ነው። ቁጥሩ ዓሣው ሌላ ቦታ ሲያዝ የት እንደተጓዘ ይናገራል። እንዳይጎዳ ከውኃ ሳይወጣ፣ ቶሎ ተብሎ ነው ፎቶ የሚነሣው። ረጅሙ አፉ ሻካራ ስለሆነ የሚይዘው ጓንት ያደረገው ረዳት ነው። ስለዚህ በፎቶው ላይ ረዳቱ፣ ግማሽ ዓሣና የእናንተ ኮፍያ ይታያሉ።

ቱናና ኪንግፊሽ የመሰለው የሚበላው ዓሣ ግን ይቀራል። ይቀራል ስል ለጀልባው ነው፤ በብዙ ቦታ የተያዘው የጀልባው ንብረት ነውና ለእራት የምትሆን ቁራጭ ይሰጧችኋል። ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ ምክንያቱም ጅማ ላይ የሚጠብቃችሁ ጥያቄ ይኸው ብቻ ነው።

"ያዝከው?"

"ያዝኩት፣ እናቴ። 25 ኪሎ ይሆናል።"

"እሰይ! የታለ?"

"ለቀቅነው።"

"በዶላር የተያዘውን?"

የኪሎውን ዋጋ ለማውጣት 230ን ወደ ቤት ለገባው ኪሎ ማካፈል ነው። የገባው ዜሮ ነው፤ በዜሮ ማካፈል እንደማይቻል የሰባተኛ ክፍል ልጅም ያውቃል።

ቤተሰብ ግን አያውቅም። ስለዚህ ብልሆቹ የመጨረሻውን ጉዞ በአውቶቡስ ያደርጉታል፤ መንገዱ ወደ ጅማ ሲቃረብ በግልገል ጊቤ ግድብ ሰፈር ያልፋልና እዚያ ቆሮሶና አምባዛ አይጠፋም። ቆሮሶ አይመከርም። ሥጋው መዳፍ ያክላል፣ ጥብስ ቤት ያየ ሁሉ ያውቀዋል። "ቱና ነው" ማለትም አያዋጣም፤ ቱና ቀይ ነው። አምባዛ ወፍራም ነው፤ ቆዳው ተገፎ ክብ ክብ ሆኖ ሲቆረጥ የባሕር ይመስላል። የቤቱ አክስት ክርስቲያን ከሆነች ግን አንድ ጥያቄ አላት፦ "ቅርፊት ነበረው?" አምባዛ ቅርፊት የለውም። "ካፒቴኑ ልጦ ነው የሰጠኝ" ይባላል። ጭንቅላቱን ከጠየቀች ደግሞ ቢጫ ካርድ ስላልነበረው ሞምባሳ ቀረ።