ምድርን ያወቃት የለካት ነው ወይስ የረገጣት?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ጂኦግራፊ እውቀት የሆነው ምድር በቁጥር ስትለካ ነው?

ለልኬት የቆመው

አዎ ነው መልሴ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዘመን የግሪኩ ሊቅ ኤራቶስቴንስ የምድርን ዙሪያ አሰላ። ቀኑ በሚረዝምበት በሰኔ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አስዋን ውስጥ ጥላ የለም። እስክንድርያ ላይ ግን አለ። የጥላው ማዕዘን የክብ አንድ ሃምሳኛ ሆነ። የሁለቱን ከተሞች ርቀት፣ 5,000 ስታድያ (የጥንት ግሪኮች የርቀት መለኪያ)፣ በ50 አባዛውና 250,000 ስታድያ አገኘ። በኋላም በ150 ዓ.ም. ገደማ የእስክንድርያው ሊቅ ቶለሚ 8,000 ያህል ቦታዎችን በኬክሮስና በኬንትሮስ መዘገበ። «ዛፉን አልፈህ ታጠፍ» የሚል ምሪት ዛፉ ሲቆረጥ አብሮ ይጠፋል። ቁጥር ግን ይቆያል።

ለእግረኛው የቆመችው

ወንድሜ፣ ስህተትም በቁጥር ይቆያል። ቶለሚ ያን ሁሉ መዝግቦ የህንድ ውቅያኖስን በየብስ የታጠረ ባሕር አድርጎት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1450 ገደማ፣ ቬኒስ አጠገብ ባለች ደሴት፣ መነኩሴው ፍራ ማውሮ በሣለው የዓለም ካርታ ላይ ያን አጥር አነሳው። ስለ እኛ አገርም እዚያው ላይ ጽፏል። የአገሩ ተወላጅ ካህናት አውራጃውን፣ ከተማውን፣ ወንዙንና ተራራውን ከነስሙ በገዛ እጃቸው ሥለው ሰጡኝ፤ ቦታ ስላጠረኝ ሁሉንም በሥርዓት ማስፈር አልቻልኩም ይላል። ቦታ አጠረው! የጥንት ሊቃውንት አያውቁትም ማለት ይቻላል ያለው አገር፣ ካህናቱ ሲነግሩት ከካርታው ተርፎ ፈሰሰ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል።

ለልኬት የቆመው

እህቴ፣ የካህናቱን ክብር አልነካም። ግን ካርታውን እዪው። የሀበሻ ወንዞችና ከተሞች ከልካቸው በላይ ተለጥጠው የአፍሪካን ሰፊ ክፍል ይዘዋል። ስሙ ተገኘ፣ ልኩ ጠፋ። ኬክሮስ ቢኖራቸው ይህ አይሆንም ነበር።

ለእግረኛው የቆመችው

ልክ ስትል የትኛውን ነው? የኛ ሰው መንገድ የቆጠረው በቀን ነው። አገሩንም የከፈለው በከፍታ ነው፦ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ። የዓባይን ሸለቆ አስበው። ማዶ ያለው መንደር በዓይን ይታያል፤ ካርታ ላይ ጣት አይሞላም። ወርደህ፣ ተሻግረህ፣ ወጥተህ እስክትደርስ ግን ፀሐይ ትጠልቃለች። ካህናቱም የነገሩት የቀን መንገድ ይመስለኛል። መነኩሴው ሽቅብና ቁልቁሉን ሜዳ ላይ ዘረጋው፤ አገሩም ተለጠጠ።