ጀግና ይፈለጋል፣ ለአንድ ዓመት

የሥራ ማስታወቂያ እንደ ልቦለድ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው ካለ እኔ ነኝ። በዚህ ድርሰት ደግሞ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን የሚስተካከል የለም፤ በተለይ «ፖስትዶክ» የሚሉትን፣ ከዶክትሬት በኋላ ያለውን ጊዜያዊ የምርምር ቦታ ሲያስተዋውቁ። ሰሞኑን የአጥንት ካንሰር የሚያጠና የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ተመራማሪ የሚፈልጉትን እየከፈትኩ ሳነብ አመሸሁ። እነዚህን ሰዎች እስከዛሬ አለማመስገናችን ነውር ነው።

መጀመሪያ ፍቅራቸው። ዶክትሬቱን የጨረሰ፣ ሠላሳን የተሻገረ፣ ፀጉሩ ከፊት መሸሽ የጀመረ ሰው ነው የሚቀጥሩት። እነሱ ግን «ሠልጣኝ» ይሉታል። በዚህ ዕድሜው ገና ልጅ ነህ የምትለው እናቱ ብቻ ትመስለው ነበር።

ከዚያ የሚፈለገው ችሎታ ይመጣል። ሴል ማሳደግ ይችላል። አይጥ ይወጋል፣ ቀዶም ያያል። በስሪዲ ፕሪንተር ሰው ሠራሽ አጥንት ያትማል። ያ አጥንት ስንት ኪሎ ተሸክሞ እንደሚሰበር በኮምፒውተር ያሰላል። ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራም ይጽፋል። የጂን መረጃ ይተነትናል። ተማሪ ያሠለጥናል፣ ጽሑፍ ያሳትማል፣ የገንዘብ ማመልከቻም ያዘጋጃል። «በግሉም በቡድንም መሥራት የሚችል» የሚለው አይቀርም። የዘረዘሩት አንድ ሆስፒታል፣ አንድ ጋራዥና አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ነው። ተፈላጊ ብዛት፦ 1።

ደሞዝ ላይ «ተወዳዳሪ» ይላሉ። ከማን ጋር እንደሚወዳደር አይጻፍም። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት፣ ኤንአይኤች፣ በ2024 ለጀማሪ ፖስትዶክ ያወጣው ተመን በዓመት 61,008 ዶላር ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ።) ስምንቷን ዶላር ልብ በሉልኝ፤ ተጠንቅቀው ነው ያሰቡት። ከዚያ በፊት፣ በ2023 መጨረሻ፣ የተቋሙ የራሱ አማካሪዎች ቢያንስ 70,000 ይሁን ብለው ነበር። ተቋሙም አልከፋውም፤ በጀት ከተገኘ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደርሳለን አለ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። እስከዚያው ቦስተን ውስጥ የቤት ኪራይ ከፍሎ የተረፈውን መቁጠር ለናኖ ቴክኖሎጂ ጥሩ ልምምድ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎላቸው ግን በ2022 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፖስትዶኮች ከሌሎች የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች ጋር ወደ 48,000 ሆነው ሥራ አቆሙ። ውለታ ቢሶች።

እኔን አፌን ያስያዘኝ ግን የውሉ ርዝመት ነው። አንድ ዓመት። «እንደ ሥራ አፈጻጸምና እንደ በጀት ሁኔታ ሊራዘም ይችላል።»

የሚገጥሙትን በሽታ እንይ። ኦስቲዮሳርኮማ ይባላል። የሚወደው ቁመታቸው ሽቅብ የሚወጣ ታዳጊዎችን ነው፤ የሚቀመጠውም በብዛት ጉልበት አካባቢ። ልጁ ያመኛል ሲል ኳስ መትቶት ነው ይባላል። ወይም እያደገ ነው ይባላል። አሜሪካ ውስጥ በዓመት የሚይዘው ወደ 1,000 ሰው ነው፤ ለመድኃኒት ነጋዴ አፍ የሚያስከፍት ገበያ አይደለም። ሕክምናው ቀዶ ሕክምናና ሦስት መድኃኒቶች ናቸው፤ ሜቶትሬክሴት፣ ዶክሶሩቢሲን፣ ሲስፕላቲን። ሦስቱም የአያቶቻችን ዘመን ናቸው ባይባልም የወላጆቻችን ናቸው። ካልተሰራጨ ከሦስት ልጆች ሁለቱ ገደማ አምስት ዓመት ይሻገራሉ። ሲገኝ ሳንባ ገብቶ ከሆነ ከሦስት አንዱም ያጠራጥራል። ይህ ቁጥር አርባ ዓመት ያህል እምብዛም ፈቀቅ አላለም።

ሳይሞከር ቀርቶም አይደለም። አውሮፓና አሜሪካ ተባብረው በ2005 ዩራሞስ የሚባል ትልቅ ሙከራ ጀመሩ፤ 17 አገሮች፣ ከ2,200 በላይ ታካሚዎች። መድኃኒቱ እጢያቸውን በደንብ ላልገደለላቸው ልጆች ሌላ ሁለት መድኃኒት ቢጨመርስ ብለው ጠየቁ። መልሱ በ2016 ታተመ። ጉዳቱ እንጂ ጥቅሙ አልታየም። አንዲት ጥያቄ ጠይቆ መልስ ለማግኘት ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ባላጋራ ነው በአሥራ ሁለት ወር ውል የምንገጥመው። የልባቸው ስፋት ይገርማል።

አሥራ ሁለቱ ወር እንዴት እንደሚያልቅ ልንገራችሁ። መታወቂያ ይወጣል። የኮምፒውተር መግቢያ ይጠየቃል። የእሳት ማጥፊያ ቪዲዮ ይታያል፣ ፈተናም አለው። አይጥ ለመንካት የእንስሳት አጠባበቅ ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ወረቀቱ ገብቶ ከጥያቄ ጋር ይመለሳል፣ ደግሞ ይገባል። ፈቃዱ ሲመጣ የካንሰር ሴል አይጧ ቅልጥም ውስጥ ይወጋል። ከዚያ መጠበቅ ነው። እጢ በጀት ዓመት አያውቅም። በዚህ መሀል ፕሪንተሩ አፍንጫው ተደፍኖ አጥንቱን ገንፎ አድርጎ ያወጣዋል። ስምንተኛው ወር ላይ የመጀመሪያው ትርጉም ያለው ግራፍ ብቅ ይላል። ዘጠነኛው ላይ ሰውየው ሌላ ማስታወቂያ ማንበብ አለበት፤ ውሉ ሊያልቅ ነዋ።

ተተኪው ይመጣና ፍሪዘሩን ይከፍታል። ከላይኛው መደርደሪያ በረዶ የለበሰ ሣጥን አለ። ክዳኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «እንዳይነካ» ተጽፏል። ውስጡ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ሰው ሌላ ስቴት ሄዶ የእሳት ማጥፊያ ቪዲዮ እያየ ነው።

ላቦራቶሪው ውስጥ ቋሚ ሠራተኛ የለም እንዳትሉ ግን። ዩ-ቱ-ኦኤስ የሚባሉ ሴሎች አሉ። በ1964 ከአንዲት የ15 ዓመት ልጅ የቅልጥም እጢ የተወሰዱ ናቸው። ከስድሳ ዓመት በኋላም በየአገሩ ላቦራቶሪ ይራባሉ። ውል አሳድሱ የሚላቸው የለም። ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ አይጠየቁም። ምግባቸው በሰዓቱ ይቀርብላቸዋል፣ ሙቀታቸው 37 ዲግሪ ላይ ይጠበቃል፣ ቅዳሜና እሑድም ጠያቂ አላቸው። ቅዳሜ መጥቶ የሚያበላቸው ያው ፖስትዶኩ ነው።

ለእንግዳም ደግነታቸው አይነገርም። አሜሪካ ካሉት ፖስትዶኮች ከግማሽ በላዩ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ የውጭ ሰው ነው። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ ኤች-ዋን-ቢ በሚባለው የሥራ ቪዛ ከውጭ ለሚመጣ አዲስ ሠራተኛ ቀጣሪው 100,000 ዶላር እንዲከፍል በፕሬዚዳንት አዋጅ ተወሰነ። ሠልጣኙን ለማስገባት ከሠልጣኙ የዓመት ደሞዝ በላይ ማለት ነው። ማስታወቂያው ግን አሁንም «ከየትኛውም የዓለም ክፍል እንዲያመለክቱ እናበረታታለን» ይላል። ማበረታታት መቼም በነፃ ነው።

መሐንዲሶቹ ዝም ብለው አልተቀመጡም፣ ይህን መካድ ግፍ ነው። ካናዳዊው ቴሪ ፎክስ በዚሁ በሽታ እግሩ የተቆረጠው በ1977 ነበር። በሰው ሠራሽ እግር 143 ቀን ሮጦ 5,373 ኪሎ ሜትር ሸፈነ፤ በሽታው ሳንባው ገብቶ አስቆመው፤ በ22 ዓመቱም ሞተ። ዛሬ ብዙዎቹ ልጆች እግራቸው አይቆረጥም። ካንሰሩ ያለበት አጥንት ወጥቶ ብረት ይገባል። ልጁ ሲያድግ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ ከውጭ በማግኔት እየተሳበ የሚረዝም ብረት ሁሉ አለ። ያንን የሠሩት መሐንዲሶች ናቸው። ሳንባውን ነው ያልቻሉት፤ እሱ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል።

የኛ ልጆችም እዚህ ሰልፍ ውስጥ አሉ። ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የክርስትና ድግስ ላይ አንዱን አየሁት፤ ሳህኑን ይዞ ቆሟል። እትዬ አየለች እጁን ያዙት።

«ዶክተር፣ እስቲ ይቺን ጉልበቴን እያት፤ ደረጃ መውጣት ከለከለችኝ።»

«እትዬ፣ እኔ የማውቀው የአይጥ ጉልበት ነው። የሰው ሐኪም አይደለሁም፣ ተመራማሪ ነኝ።»

«ተመራማሪም ጥሩ ነው። የት ተቀጠርክ?»

«ዩኒቨርሲቲ። ለጊዜው ሠልጣኝ ነው የሚሉን።»

እትዬ ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ሽበቱን ጭምር። ጥብስ ጨመሩለት።

«አይዞህ የኔ ልጅ፣ ብላ። መቼ ነው የምትመረቀው?»