ደረሰኙ

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት ወዳጃችን ቤት ቡና ላይ ነበርን። ነገሩን የጀመረው ሆል ፉድስ ከሚባለው ውድ የምግብ ሱቅ የመጣ አንድ ደረሰኝ ነው። ኡበር የሚነዳው ጓደኛችን ከሙዙ ሥር አገኘውና ጮክ ብሎ አነበበው።

«ሁለት ከረጢት 94 ዶላር? እኔ በዚህ ሳምንቱን በላሁበት!»

«መብላቱንስ በላህ፤ ምን እንደበላህ ግን አታውቅም» አለችው የደረሰኙ ባለቤት። ነርስ ናት።

«ሆል ፉድስን ፈረንጆቹ ራሳቸው ‹ሆል ፔይቼክ› ይሉታል እኮ። ደመወዝሽን ሙልጭ አድርጎ ተቀብሎ ነው የሚሸኝሽ። አማዞን በ2017 13.7 ቢሊዮን ዶላር አውጥቶ የገዛው ለጤናሽ አስቦ መሰለሽ?»

«ማንም ይግዛው! አርቴፊሻል ቀለምና ያ ሃይ ፍሩክቶስ የሚሉት የበቆሎ ሽሮፕ ማጣፈጫ ያለበት ነገር መደርደሪያው ላይ አያወጣም። 12 ሰዓት ቆሜ ውዬ፣ ሁለት ልጅ እየጎተትኩ የእያንዳንዱን ብስኩት ጀርባ ላንብብልህ?»

ይህን ሲሰማ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ወሬውን የሁላችንም መሸሸጊያ ወደሆነችው የአገር ቤት ጓሮ አዞረው። «እናቴ ጎመን ስትቀነጥስ ‹ኦርጋኒክ፣ ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያ የበቀለ› ብሎ የለጠፈበት አልነበረም።»

ጥግ ይዘው የተቀመጡት እትዬ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ገበሬው ዳፕና ዩሪያ ማዳበሪያ ዘገየብኝ ብሎ ሲያለቅስ የት ነበርክ?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። (በነገራችን ላይ እትዬ እስከ ዛሬ ግሮሰሪ ሲባል ቢራ የሚጠጣበት ይመስላቸዋል።)

እኔ ከሙዙ አንዱን አንስቼ የተለጠፈችውን ቁራጭ ወረቀት አሳየኋቸው፤ 94011 ይላል። ተራው ሙዝ 4011 ነው፤ ፊቱ ላይ 9 ከተጨመረበት ኦርጋኒክ ነው ማለት ነው። ኡበር ነጂው ብድግ ብሎ ወረደና ከመኪናው ለምሳ የያዘውን ሙዝ ይዞ መጣ። ከርካሹ ሱቅ የተገዛ ነው። 94011!

«ሚስቴ ናት የምትገዛው» አለ፣ ጥፋት እንደተገኘበት ሰው።

እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ልክ ናቸው። ኦርጋኒክ የሚለው ማኅተም የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ነው፤ ደንቡ ከ2002 ጀምሮ ይሠራል። ማኅተሙ ያለበት ምግብ ከውሃና ከጨው ውጪ ቢያንስ 95 በመቶው ኦርጋኒክ መሆን አለበት። ሱቁ ቢያምርም ባያምርም ሕጉ አንድ ነው። ጭራሽ ምንም አልተረጨበትም ማለት ግን አይደለም። «ናቹራል» (ተፈጥሯዊ) የሚለው ደግሞ እንዲህ ያለ ጥብቅ ደንብ የለውም፤ እኔ ለሱ ብዬ ሳንቲም አልጨምርም።

ስለዚህ ሙዝ፣ ምስርና ሽንኩርት ለመግዛት እዚያ ድረስ መሄድ ብር መበተን ነው። የልጆቹን የታሸገ ምግብ በተመለከተ ግን ከነርሷ ጋር ነኝ። እሷ የምትከፍለው ሌላ ሰው አንብቦ እንዲያጣራላት ነው፤ ደክሟት ለምትገባ እናት ያ ዋጋ አለው።

ጤፉ ግን ምንም ቢሉኝ አይዋጥልኝም። እዚያ መደርደሪያ ላይ ያለችው ከረጢት በአንድ እጅ የምትያዝ ናት፤ ለሁለት ሰው እራት እንኳ አትበቃም። ለጤፍ ጆርጂያ አቬኑ ሐበሻ ሱቅ ገብቼ 25 ፓውንዱን ተሸክሜ እወጣለሁ።