ድፍን ቁጥር ይባረክ

ዛሬ የመጣሁት ለማመስገን ነው። የ1918ቱ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በተነሳ ቁጥር ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ «መቶ ሚሊዮን ሰው ነው የጨረሰው!» የሚል አንድ ሰው ከየጨዋታው አይጠፋም። እሱ ይመስገን። ከጎኑ ሆኖ «ኧረ ተው፣ ከአስራ ሰባት ሚሊዮን አያልፍም» የሚለውም ይመስገን። ሁለቱም የተጻፈ ነገር ነው የሚያወሩት። መሃል ላይ የጠፋው 83 ሚሊዮን ሰው ብቻ ነው። በወዳጆች መካከል ይቺም ታጣላለች?

እኔን የሚያስቀናኝ ፍጥነታቸው ነው። አጥኚ የተባለው ሁሉ እኮ አንድ ቁጥር ለማግኘት ዕድሜውን ይፈጃል። (ዓመቶቹም ወሮቹም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ አትደናገጡ።) ኤድዊን ጆርዳን የሚባል አሜሪካዊ የባክቴሪያ ሊቅ በ1927 ያገኘውን መዝገብ ሁሉ ደምሮ 21 ሚሊዮን ተኩል ገደማ አለ። በ1991 ፓተርሰንና ፓይል መጡና ከ24.7 እስከ 39.3 ሚሊዮን አደረሱት። በ2002 ጆንሰንና ሙለር 50 ሚሊዮን አሉ፤ ይህም አንሶ ሊሆን ይችላል፣ እውነተኛው እስከ እጥፉ ሊደርስ ይችላል ብለው ጨመሩበት። በ2018 ደግሞ ሌሎች እንደገና አስልተው 17.4 ሚሊዮን አሉ። ከ32 ሚሊዮን በላይ ሰው በአንድ ጽሑፍ ከመቃብር ተነሳ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሙት አስነሺ ስሌት ከየት ይገኛል?

ወዳጃችን ግን ይህን ሁሉ ጣጣ አያውቀውም። ቁጥር የሚመርጠው እንደ ጉዳዩ ነው። ማስፈራራት ካማረው መቶውን ያወጣል። ነገሩን ማጣጣል ካሰኘው አስራ ሰባቱን። «ሊደርስ ይችላል» የምትለዋን ሐረግ በጭራሽ አይነካትም። የጨዋታ ለዛ ታበላሻለቻ!

ደግሞ እኮ የልዩነቱ ምንጭ ሲታይ የሚያስመሰግን ሌላ ወገን አለ። ያልቆጠሩት። ህንድን ውሰዱ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዞች እጅ ነበረች። አሁን ብዙዎች የሚገምቱት ከ12 እስከ 20 ሚሊዮን ሰው እንደሞተባት ነው። ከ1911 እስከ 1921 ባለው የቆጠራ ዘመን የሕዝቧ ቁጥር በመጨመር ፈንታ ዝቅ ብሏል። የሞት መዝገብ የሚይዘውም ሰው ነውና ከታመሙት አንዱ ሆነ፣ መዝገቡ ባዶ ቀረ። አንዳንዱ ሟች ደግሞ «በሳንባ ምች» ተብሎ ተጻፈ። ስለዚህ ዛሬ አጥኚው የሚያደርገው፣ በዚያ ዘመን ከወትሮው በላይ ስንት ሰው እንደሞተ መገመት ነው። መዝገብ አለመያዝ ምንኛ ብልህነት ነው! ያልተጻፈ ሟች አይከራከር፣ ካሳ አይጠይቅ።

እኛም አልቀረብንም። የኅዳር በሽታ ያልነው እሱኑ ነው። በ1911 ዓ.ም. (ይህቺ እንኳ በእኛ አቆጣጠር ናት) አዲስ አበባ ውስጥ 10 ሺህ ገደማ ሰው ሞተ ይባላል። ድፍን 10 ሺህ! ከላይ አንድ ሰው እንኳ ትርፍ የለውም። ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። የእሳቸው መታመም ግን በግምት አይደለም የተጻፈው፣ በስም ነው።

ስለ ስም ካነሳን ስፔን አትረሳ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ የነበሩት አገሮች የወታደሩ ሞራል እንዳይነካ ብለው ጋዜጣቸውን ጭጭ አሰኙ። ስፔን ጦርነቱ ውስጥ ስላልነበረች ጋዜጦቿ ጻፉ፤ ንጉሡ አልፎንሶ 13ኛም መታመማቸውን ሳይቀር ጻፉ። ሽልማቷን አገኘች። እስከ ዛሬ በሽታው «የስፔን ጉንፋን» ነው። የደበቁትማ ስማቸው እንደጸዳ ነው፣ እሰየው።

ከሁሉ በላይ ግን የማደንቀው «አይ፣ ጉንፋን እኮ ነው» የሚለውን ነው። ዘሩ የተከበረ ነው። በ1918 መስከረም 28 ቀን ፊላዴልፊያ ውስጥ ለጦርነቱ የቦንድ ሽያጭ ታላቅ ሰልፍ ተጠራ። ሐኪሞች ይቅርብን ብለው ነበር። የከተማዋ የጤና ኃላፊ ዊልመር ክሩሰን ሰልፉ ይደረግ አሉ። 200 ሺህ ያህል ሰው ተሰልፎ ወጣ፣ ባንዱ ተነፋ። በሦስት ቀን ውስጥ ሆስፒታሎች ሞሉ። በስድስት ሳምንት ውስጥ ከ12 ሺህ በላይ ሰው አለቀ። ብዙው ሟች ሽማግሌ እንዳይመስላችሁ፤ ይህ በሽታ ከ20 እስከ 40 ዓመት ያለውን ጎልማሳ ነበር አብልጦ የሚወስደው። ጉንፋን ናት፣ በቃ። ምን ታመጣለች?

ባለፈው ሰሞን እንዲህ ባለ ጨዋታ መሃል አንድ ቁጥር ልወርውር ብዬ ደፈርኩ። በፓሲፊክ ውቅያኖስ ስላሉት የሳሞአ ደሴቶች ነበር። በኅዳር 1918 ታሉኔ የምትባል መርከብ ከኒውዚላንድ ሕመምተኛ ይዛ አፒያ ወደብ ገባች። ለይቶ ማቆያ የለ፣ ጠያቂ የለ፣ ሁሉም ወረደ። በምዕራብ ሳሞአ 8,500 ገደማ ሰው ሞተ፤ ከአምስት ሰው አንድ በላይ ማለት ነው።

«ኦሆሆ!» አሉ ሁሉም። ከአምስት አንድ ጥሩ ቁጥር ናት፣ ተወደደች። ሁለቱ ስልካቸውን አውጥተው ጻፏት።

ቀጠልኩ። ባሕሩን ተሻግሮ ያለው የአሜሪካ ሳሞአስ? አስተዳዳሪው ጆን ፖየር መርከብ ሁሉ ሳይጣራ ሰው እንዳያወርድ ከለከለ። ነዋሪዎቹ ራሳቸው ዳርቻውን ጠበቁ። የሟቹ ቁጥር ዜሮ።

ዝም አሉ።

«ዜሮ?» አለ ባለ መቶ ሚሊዮኑ።

«ዜሮ።»

ትንሽ አሰበና ወደ ጎረቤቱ ዞረ። «ሌላው ደሴት ላይ ስንት ነበር ያለው?»