ሁለት ዘፈን ማላተም ማሽአፕ ሆነ እንዴ?

አሁንስ በዛ! ማሽአፕ እኮ የአንዱን ዘፈን ድምፅ ከሌላው ሙዚቃ ጋር አዋህዶ አንድ ዘፈን ማድረግ ነው። አንዱን ዘፈን በሌላው ላይ የጫነ ሁሉ ዲጄ ሆነ። ዛሬ ደግሞ በ90 ቢፒኤም (በደቂቃ 90 ምት) የተዘፈነ ድምፅ 128 ላይ ተጎትቶ ወጣልን። 42 በመቶ አፍጥኖ! ዘፋኙን ማን እያባረረው ነው? ኪይ ሎክ (ፍጥነቱ ሲቀየር ድምፁ እንዳይቀጥን የሚጠብቀው ቁልፍ) ቢጫን እንኳ በዚህ ልክ ሲጣደፍ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ቃላቱ ይዋጣሉ።

ኪዩስ፣ ዘፈኑ የቆመበት ቃና? ድምፁ ኤ ማይነር፣ ሙዚቃው ቢ ፍላት ማይነር። ጥርስ የሚያፋጭ ነገር። ድምፁን አንድ ሴሚቶን (ግማሽ ቃና) ከፍ ማድረግ እኮ አንዲት ቁልፍ መጫን ናት! ጆሮ ካለ ማለቴ ነው።

ቤዙንማ ተዉት። ሁለቱም ዘፈን ከነቤዙ ከነኪኩ (ድም የሚለው ትልቁ ከበሮ) ባንድ ላይ ይለቀቃል። ስፒከሩ ያጓራል። የአንዱን ወፍራም ድምፅ ከ120 ኸርዝ በታች መቁረጥ ማንን ገደለ? የዘፋኙን ድምፅ ከሙዚቃው ለይተናል ያሉትማ ይብሳሉ፦ ሶፍትዌሩ ሳያጠራው የቀረ ሃይ-ሃት (የከበሮው ጽናጽል) ከዘፋኙ ጀርባ ይንሾካሾካል። ኮረሱም (አዝማቹ) ስምንት ባር (የምት ክፍል) ሳይሞላ አምስተኛው ላይ ዘው! እስከ ስምንት መቁጠር ከባድ ነዋ።

ከለጠፉት ቅንጭብ ሥር ደግሞ «ሙሉው በቅርቡ» ይላል። ይቅርብን!