አንድ ሸራ፣ ሁለት መጽሐፍ

ኪሴ ውስጥ ያለው ብር ለአንድ መጽሐፍ ብቻ ነው የሚበቃው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት የተዘረጉበት ሸራ ፊት ቁጢጥ ብያለሁ። በቀኝ እጄ የፖለቲካ ርዕዮተ ዓለሞችን በየምዕራፉ የደረደረ፣ ለትራስ የሚሆን ወፍራም የኮሌጅ መማሪያ። በግራዬ ቀጠን ያለው የሩሲያዊው የክሮፖትኪን መጽሐፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1892 ስለ ዳቦ የጻፈው። የሳበኝ ዳቦው ነው፤ ምሳ አልበላሁም።

ወፍራሙ እንደ በያይነቱ ነው። ሊበራሉም፣ ወግ አጥባቂውም፣ ሶሻሊስቱም በአንድ ትሪ ቀርበዋል። ያለ መንግሥትና ያለ አለቃ ተባብሮ መኖር ይቻላል የሚለው አናርኪዝም እንደ ቃሪያ ጫፍ ላይ ጣል ተደርጓል። አናርኪስቱ ክሮፖትኪን ደግሞ ልዑል ሆኖ ተወልዶ ማዕረጉን ገና በ12 ዓመቱ የጣለ ሰው ነው። የኛ እድር ሊቀመንበር ማኅተሙን እንኳ ለማንም አያስነኩም።

ችግሩ እናቴ ናት። “አናርኪስት” ለእሷ በ1969 ዓ.ም. ከሬዲዮ የሰማችው ቃል ነው፤ ደርግ ኢሕአፓን የሚጠራበት። እንዲህ ያለ ወረቀት ሌሊት ይቃጠላል እንጂ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም። (የኢሕአፓ ልጆች እኮ ሌኒንን ሲያነቡ የሚያድሩ ማርክሲስቶች ነበሩ። ሩሲያዊው ባኩኒን ቢሰማ በሳቅ ይሞት ነበር፤ እነማርክስ እ.ኤ.አ. በ1872 ሄግ ላይ ከኢንተርናሽናሉ፣ ከዓለም አቀፉ የሠራተኞች ማኅበር፣ ያስባረሩት አናርኪስት እሱ ነዋ!)

ድንገት ፉጨት ተሰማ። “ደንቦች መጡ!”

ማንም ማንንም አላዘዘም። ሊስትሮው አንዱን የሸራ ጫፍ፣ ማስቲካ አዟሪው ሌላውን፣ ሻጩ ሁለቱን ያዙ። ሱቁ በሙሉ ጥቅልል ብሎ አንድ ካፌ ጀርባ ገባ። ሊቀመንበር የለ፣ ቃለ ጉባኤ የለ። እኔም ሳላስበው አብሬ ሮጫለሁ።

ትንፋሼን ስሰበስብ ሁለቱም መጻሕፍት ብብቴ ሥር ናቸው።

“የቱን ወሰድክ ታዲያ?” አለኝ ሻጩ።

“ወንድሜ፣ ፕሩዶን የሚባል አናርኪስት ሰውዬ በፈረንጆቹ 1840 ‘ንብረት ስርቆት ነው’ ብሏል” አልኩት፣ ዋጋ ይቀንስልኝ እንደሆነ ብዬ።

“እውነቱን ነው። በል እነዚያን አምጣቸው፤ ስርቆቱ በእኔ ይሁን።”

ቀጭኑን ገዛሁ። እናቴ እንዳትደነግጥ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ለበድኩት።